ሁለት ራውተር አገናኝቼ ጓሮ ያለው ቤት ድረስ ኢንተርኔት ማድረስ እፈልጋለሁ፤ ለጌምም ጭምር

ጓሮ_ቤት | ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። እርዳታ ፈልጌ ነው።

የምኖረው ገርጂ ነው፣ ከቤተሰብ ጋር። ፋይበሩ የገባው ትልቁ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ የምናድረው ጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ነው። በመካከል 25 ሜትር የሚሆን ግቢ አለ። ግድግዳው ብሎኬት ነው። የሰርቪሱ ጣሪያና በር ቆርቆሮ ነው።

የምንከፍለው ለ20 ሜጋ ነው። ሳሎን ቁጭ ብዬ ስለካው 19 ይመጣል። ሰርቪስ ስገባ 3 ይሆናል፣ አንዳንዴም 1። ፕሌይስቴሽን 4 አለን። ዱባይ ካለው የአክስቴ ልጅ ጋር ኳስ እንጫወታለን። ማታ ላይ ግን ተጫዋቹ ባለበት ቆሞ ይቀርና ድንገት ሌላ ቦታ ይገኛል።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ራውተር ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ «ሁለቱን ካገናኘሃቸው ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል» አሉኝ። ቤት አምጥቼ ሳሎን ውስጥ በአጭር ገመድ አገናኘኋቸው። ይባስ ብሎ የሁሉም ሰው ኢንተርኔት ተቋረጠ። እናቴ ከእህቷ ጋር በቪዲዮ እያወራች ነበር። ወዲያው ነቀልኩት። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

---

ሌሊት_ተጫዋች | ማክሰኞ፣ ማታ 3:05

ወንድሜ፣ ገመድ ውስጥ ለምን ትገባለህ? አዲሱን ራውተር ሪፒተር አድርገውና መስኮት ላይ አስቀምጠው። እኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንደዚያ ነው የምጠቀመው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

---

ገመድ_ዘርጊ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:20

ሰላም ጓሮ_ቤት። ኔትወርክ መዘርጋት ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ «እጥፍ ይሆናል» የሚባለውን ነገር እንተወው። ግቢያችሁ ውሃ የሚገባው በአንድ ቧንቧ ነው እንበል። ጓሮ ሁለተኛ ቧንቧ ብታስተክል ከመንገድ የሚመጣው ውሃ አይጨምርም። ግን ጀሪካን ተሸክመህ ግቢውን ከማቋረጥ ትድናለህ። የሁለተኛ ራውተር ሥራም ይሄው ነው። 20 ሜጋህን 40 አያደርገውም። ሳሎን ያለውን 19 ግን ሰርቪስ ድረስ ያደርስልሃል። አሁን 3 ለምታገኝ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ኢንተርኔቱ ለምን ተቋረጠ? ሁለቱም ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ «የቤቱ አለቃ እኔ ነኝ» እንዲሉ ተደርገው ነው የሚወጡት። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አድራሻቸው 192.168.1.1 ነው። ሁለቱም ለስልኩና ለኮምፒውተሩ አድራሻ ያድላሉ። አድራሻ የሚያድለው ሥራ ዲኤችሲፒ ይባላል። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት አንድ ዓይነት ቁጥር ቢለጠፍባቸው ፖስተኛው የት ይሂድ? የእናትህ ስልክም የሆነው እንደዚያ ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። አዲሱን ራውተር ከምንም ጋር ሳታገናኝ ለብቻው አብራውና ላፕቶፕህን በገመድ ሰካበት። ሴቲንጉ ውስጥ ግባ። የላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) አድራሻውን ወደ 192.168.1.250 ቀይረው። ይሄ አድራሻ ተሳስቶ ለሌላ ዕቃ እንዳይታደል፣ የሳሎኑ ሞደም (ፋይበሩ የሚገባበት የመጀመሪያው ራውተር) ከ10 እስከ 200 ያለውን ብቻ እንዲያድል አድርገው። ከዚያ የአዲሱን ዲኤችሲፒ አጥፋ። አሁን ከሳሎኑ ሞደም ላን ቀዳዳ የመጣውን ገመድ አዲሱ ላይ ካሉት የላን ቀዳዳዎች አንዱ ውስጥ ሰካው። ለብቻው በሌላ ቀለም ያለችውን የዋን (ከውጭ የሚመጣው መስመር የሚሰካባትን) ቀዳዳ ባዶ ተዋት። ብዙ አዳዲስ ራውተር «አክሰስ ፖይንት» የሚል ምርጫም አለው። ካለው እሱን ምረጥ፣ ይሄን ሁሉ ራሱ ይሠራዋል።

ሌሊት_ተጫዋች ያለው ሪፒተር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ለጌም ግን አልመክርም። ሪፒተር እንደ አስተርጓሚ ነው። መጀመሪያ ያዳምጣል፣ ከዚያ ደግሞ ይናገራል። በአንድ ሬዲዮ የሚሠራ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይችልም። ስለዚህ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ መዘግየቱም ይጨምራል። ደግሞ ቆርቆሮ በር አለህ። ሞገዱ ቆርቆሮን አያልፍም፣ ነጥሮ ይመለሳል።

አንድ ነገር ለክተህ ንገረኝ። ሰርቪስ ሆነህ በላፕቶፕ መጀመሪያ 192.168.1.1ን ፒንግ አድርግ (ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመጣ የሚለካ ነው)፣ ቀጥሎ 8.8.8.8ን፣ ከግቢ ውጭ ያለ የጉግል ሰርቨር ነው። የመጀመሪያው ከራስህ ሞደም ጋር ያለህን መንገድ ብቻ ነው የሚለካው። ከግቢ አልወጣም ማለት ነው።

---

ጓሮ_ቤት | ረቡዕ፣ ማታ 1:15

እግዜር ይስጥልኝ ገመድ_ዘርጊ። እንዲህ የገለጸልኝ ሰው የለም።

ለካሁት። ወደ ሞደሙ አንዱ 4 ሚሊሰከንድ ይመጣል፣ ቀጣዩ 280፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይመለስም። ሳሎን ሆኜ ስሞክር ግን ሁሉም 2 እና 3 ነው። ችግሩ ግቢው ውስጥ ነበር ማለት ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ኢንተርኔት አቅራቢውን ስወቅስ ነበር።

ገመድ መዘርጋት ካለብኝ ምን ዓይነት ልግዛ? ግቢው ላይ ፀሐይም ዝናብም አለ።

---

ገመድ_ዘርጊ | ረቡዕ፣ ማታ 2:50

ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚባል የኔትወርክ ገመድ ይበቃሃል። እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሄዳል፣ ስለዚህ ለ25 ሜትር ምንም አትስጋ። ለውጭ የተሠራ ጥቁር ልባስ ያለውን ጠይቅ። የቤት ውስጡ ግራጫ ገመድ ፀሐይ ላይ ከከረመ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያ ውሃ ያስገባል።

ሱቅ ስትሄድ የምለምንህ አንድ ነገር አለ። ከውስጥ ካሉት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱን በምላጭ ፋቅ አድርገው። ውስጡም ቀይ ከሆነ ንጹሕ መዳብ ነው። ነጭ ብረት ከታየህ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ጫፉም ቶሎ ይበላሻል። ብዙ ሰው ቤት ሄጄ ያገኘሁት ችግር ይሄ ነው።

ገመዱን በፒቪሲ ቱቦ ውስጥ አስገብተህ ቅበረው። ከመብራት ገመድ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ እንዳታስገባው። ጫፉን ስታስር በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ያዝ፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ንቀለው። ከቤት ቤት የሚሄድ የመዳብ ገመድ ከመብረቅ የሚመጣውን ኃይል ተሸክሞ ዕቃ ያቃጥላል። ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ።

---

የልጆች_እናት | ሐሙስ፣ ቀን 6:30

ልጆቼ፣ ሳላስፈቅድ ገባሁ፤ ይቅርታ። እኔ ጌም አላውቅም። ልጄ ግን ማታ ኦንላይን ትማራለች፣ ሁልጊዜም «ተቋረጠብኝ» ትላለች። ሞደማችን ቡፌ ውስጥ ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ። አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አልብሼዋለሁ። ሌላው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ስጋግር ዋይፋዩ ጠፍቶ ይበራል። የምጣዱ ጨረር ነው የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

---

ገመድ_ዘርጊ | ሐሙስ፣ ቀን 8:10

እንኳን ገቡ እናቴ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው።

መጀመሪያ ዳንቴሉን ያንሱለት። ሞደም ሲሠራ ይሞቃል፣ ሙቀቱ መውጫ ካጣ እየተጨናነቀ ይቆማል። ከዚያ ከቡፌው አውጥተው ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡት። ቴሌቪዥን ኋላው ላይ ብረት አለው፣ ሞገዱን ይጋርዳል። ይሄን ብቻ አድርገው ለውጡን ሊያዩ ይችላሉ፣ ሳንቲም ሳያወጡ።

ምጣዱ ሞገድ አይረብሽም። ግን ብዙ ኃይል ይስባል፣ ከ3 ኪሎዋት በላይ። ምጣዱ ሲበራ የቤቱ ቮልት ድንገት ይወርዳል፣ ሞደሙም ይጠፋና ይበራል። ቮልቱ ይህን ያህል የሚወርድ ከሆነ ገመዱ ቀጭን ወይም ማያያዣው የላላ ሊሆን ይችላል። የላላ ማያያዣ እሳት ያስነሳል። ስለዚህ ከኢንተርኔቱ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ያስዩት። ለሞደሙ ደግሞ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ) ይግዙ። ቮልቱ ሞደሙ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ጋር ልክ የሆነ፣ አምፔሩ ደግሞ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። መብራት ሲጠፋም ልጅዎ ትምህርቷን አታቋርጥም።

---

የልጆች_እናት | ሐሙስ፣ ማታ 12:40

ተባረክ ልጄ። ዳንቴሉን አነሳሁት። ሞደሙ ሲነካ ምጣድ ይመስል ነበር። ነገ ኤሌክትሪሺያን ይመጣል።

---

ጓሮ_ቤት | እሑድ፣ ቀን 10:00

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ስንቆፍር ዋልን። ቱቦውን አንድ ክንድ ያህል አስገብተን ቀበርነው። አዲሱን ራውተር እንዳልከው 250 ላይ አደረግኩት፣ ዲኤችሲፒውን አጠፋሁ። ፕሌይስቴሽኑን በገመድ ሰካሁት።

ሰርቪስ ውስጥ 18.6 መጣ! ወደ ሞደሙ ያለው ፒንግ 1 ሚሊሰከንድ ነው፣ አይወዛወዝም። ወንድሜ ደስታውን አልቻለም።

ግን ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ችግሩ እንደገና ይመጣል። ቀን ላይ በጣም ጥሩ ነው። ማታ ወደ ሞደሙ ያለው 1 ሆኖ ይቀጥላል፣ ወደ 8.8.8.8 ያለው ግን 600 እና 700 ይደርሳል። ጌሙም ያኔ ይቆማል።

---

ሌሊት_ተጫዋች | እሑድ፣ ቀን 11:20

የኔም ማታ ማታ እንደዚያ ነው። ሰርቨሩ ሩቅ ስለሆነ መስሎኝ ነበር።

---

ገመድ_ዘርጊ | እሑድ፣ ማታ 3:30

ጓሮ_ቤት፣ አሁን ሁለተኛው ችግር ጋ ደረስን። ማታ 3 ሰዓት ላይ ትልቁ ቤት ውስጥ ማን ምን ይሠራል? እርግጠኛ ነኝ አንድ ሰው ፎቶ ወይም ቪዲዮ እየላከ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍጮ ቤት ሄድክ እንበል። በፌስታል አንድ ኪሎ ሽምብራ ይዘሃል። ከፊትህ ግን ሦስት ሰዎች ኩንታል ኩንታል ጤፍ ይዘው ተሰልፈዋል። ያንተ ለመፈጨት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ሰልፉ እስኪያልቅ ትቆማለህ። የጌም ዳታ ያቺ ፌስታል ናት። በጣም ትንሽ ናት፣ ግን መጠበቅ አትችልም። ቪዲዮ የሚልክ ስልክ ኩንታሉ ነው። ሞደሙ ደግሞ ሰልፉን ከልክ በላይ ያስረዝማል። ባፈርብሎት የሚባለው ይሄ ነው። በተለይ ወደ ላይ፣ ማለትም ከቤት ወደ ኢንተርኔት፣ የሚላከው መስመር ጠባብ ከሆነ ወዲያው ይሞላል። ብዙ ሰው «ኢንተርኔቴ ፈጣን ነው፣ ጌም ግን ይቆማል» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። የፍጥነት መለኪያው የሜጋ ቁጥር ይህን አያሳይም፣ ምክንያቱም ሰልፉ ቢረዝምም ወፍጮው እየፈጨ ነው።

መፍትሔው ኩንታሉን ከልክሎ ፌስታሏን የሚያሳልፍ በረኛ ማቆም ነው። ራውተሩ ላይ ኤስኪውኤም ይባላል። አንዳንዱ ላይ ኪውኦኤስ ነው የሚለው፣ ጥራቱ ግን ይለያያል። ከምትለካው ፍጥነት 85 ወይም 90 በመቶ ላይ ትገድበዋለህ። 19 ካለህ 17 ታደርገዋለህ። ወደ ላይ ያለውንም ለክተህ እንደዚሁ። ሁለት ሜጋ አጥተህ ሰላም ታገኛለህ።

አሁን ግን ያልነገርኩህ ነገር አለ፣ እኔም አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። በረኛው ሁሉም የሚያልፍበት በር ላይ መቆም አለበት። አዲሱ ራውተርህ ሰርቪስ ውስጥ ነው ያለው። የትልቁ ቤት ሰዎች ስልክ በሱ በኩል አያልፍም። ስለዚህ ቦታቸው መቀየር አለበት። አዲሱ ሳሎን ይገባል፣ ከፋይበር ሞደሙ ቀጥሎ። ሰርቪስ ውስጥ ሌላ ያስፈልግሃል። ድሮ በስልክ መስመር ኢንተርኔት ትጠቀሙ ነበር?

---

ጓሮ_ቤት | እሑድ፣ ማታ 3:45

አዎ! የድሮው ሞደም ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል፣ አራት ቀዳዳ ያለው። እህቴንም ጠየቅኳት። ስልኳ ዋይፋይ ሲያገኝ የቀኑን ፎቶ ሁሉ ራሱ ይልካል። ሥራዋ የሠርግ ቪዲዮ ነው፣ ማታ ለደንበኞቿ በቴሌግራም ትልካለች። እንድታቆም ልነግራት አልፈልግም፣ እንጀራዋ ነው።

---

ገመድ_ዘርጊ | እሑድ፣ ማታ 4:15

አትንገራት፣ በረኛው ይበቃል። የድሮው ሞደምም ይበቃሃል፣ አዲስ ነገር እንዳትገዛ። የስልክ መስመሩን ቀዳዳ ትተህ የላን ቀዳዳዎቹን ብቻ ትጠቀማለህ። 100 ሜጋ ያሳልፋል፣ ያንተ ደግሞ 20 ነው።

አሰላለፉ እንዲህ ነው። ከፋይበር ሞደሙ የላን ቀዳዳ ወደ አዲሱ ራውተር የዋን ቀዳዳ። አሁን ዋን ነው የምትጠቀመው፣ ካለፈው የተለየ ነው። አክሰስ ፖይንት ላይ አድርገኸው ከነበረ ወደ ራውተር መልሰው። የአዲሱ ላን አድራሻ ከሞደሙ መለየት አለበት፣ 192.168.50.1 አድርገው፣ ዲኤችሲፒውም ይብራ። ወደ ሰርቪስ የሚሄደው ገመድ ከአዲሱ ላን ይነሳል። የድሮው 192.168.50.250 ይሁን፣ ዲኤችሲፒው የጠፋ።

የፋይበር ሞደሙን ዋይፋይ አጥፋው። አንድ ስልክ እንኳ እዚያ ላይ ከቀረ በረኛውን ዞሮ ያልፋል። ለአዲሱ ዋይፋይ የድሮውን ስምና ፓስወርድ ስጠው፣ የቤት ሰው ምንም መቀየር አያስፈልገውም። ሰርቪስ ላለውም እንደዚያው። ቻነሉን ብቻ ለያቸው፣ አንዱ 1 ላይ ሌላው 11 ላይ።

አንድ እንከን ይቀራል። ሞደሙም አዲሱም አድራሻ ይተረጉማሉ (የቤቱን ብዙ አድራሻ ወደ አንድ የውጭ አድራሻ ይቀይራሉ)፣ ድርብ ኤንኤቲ ይባላል። ይሄ ጌሙ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር እንዳይገናኝ ሊያግደው ይችላል። ሞደሙን ብሪጅ ማድረግ (አድራሻ ሳይተረጉም እንዲያሳልፍ ማድረግ) ከተቻለ ጥሩ ነው፣ ግን አቅራቢው ሊቆልፈው ይችላል። ከተቆለፈ ሞደሙ ውስጥ ዲኤምዜድ የሚለውን (ከውጭ የሚመጣውን ወደ አንድ ዕቃ የሚያሳልፈውን) ፈልግና የአዲሱን ራውተር የዋን አድራሻ ጻፍበት። አዲሱ ላይ ዩፒኤንፒን አብራ፣ ጌሙ የሚፈልገውን መግቢያ ራሱ እንዲያስከፍት ነው።

---

ሌሊት_ተጫዋች | ሰኞ፣ ቀን 7:00

እኔ ፕሌይስቴሽኔ ላይ የኤንኤቲ ዓይነት 3 ነው የሚለኝ፣ በጣም የተዘጋው። ዲኤምዜድ አድርጌም አልተቀየረም። የጓደኛዬን ድምፅ መስማት አልችልም። ደግሞ የሲም ራውተር አለኝ፣ ሁለቱን መስመር ባዋህድ ለጌም ይፈጥናል?

---

ገመድ_ዘርጊ | ሰኞ፣ ማታ 1:30

ሞደምህ ሴቲንግ ውስጥ የዋን አድራሻህን ተመልከት። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ አቅራቢው ራሱ ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ኋላ አስቀምጧል። ያንን ከቤትህ ሆነህ አትፈታውም። ደውለህ የራስህ ፐብሊክ አይፒ (ከሌላ ደንበኛ ጋር የማትጋራው የውጭ አድራሻ) እንዲሰጡህ ጠይቅ።

ሁለት መስመር ማዋሃድ ለጌም አያፈጥንም። ራውተሩ የሚያከፋፍለው ሥራዎቹን ነው። አንድ ጨዋታ ከጀመረበት መስመር አይወጣም። ጥቅሙ አንዱ ሲቋረጥ ሌላው መተካቱ ነው። ለእሱ ከሆነ ደህና አድርገህ ተጠቀምበት።

ስለ ርቀት ያልከው ግን እውነት አለው። ብርሃን ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልስ ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ ማንም ራውተር ከዚያ አያወርደውም። ገመዱ ደግሞ ቀጥታ አይሄድም። ባሕር በር ስለሌለን መጀመሪያ በጎረቤት አገር፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ ወጥቶ ነው ባሕር ውስጥ የሚገባው። ስለዚህ ጌሙ ሰርቨር ካስመረጠህ መካከለኛው ምሥራቅን ሞክር፣ ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለክተህ ያነሰውን ያዝ።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:10

ሰላም ወገኖቼ፣ ከሜሪላንድ ነው። እዚህ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ተከራይቼ ስለምኖር ግድግዳ መብሳት አልችልም። ግን በየክፍሉ የኬብል ቲቪ ቀዳዳ አለ። ሞካ የሚባል አስተላላፊ ሁለት ገዝቼ በዚያው ገመድ ኢንተርኔቱን ወደ ልጄ ክፍል አሳለፍኩት። ፍጥነቱ ከኔትወርክ ገመድ አይተናነስም። ገመዱ ቤት በሚገባበት ቦታ ላይ የሞካ ፊልተር ማድረግ አትርሱ፣ አለዚያ ሲግናሉ ወደ ጎረቤት ይወጣል።

---

ጓሮ_ቤት | ሐሙስ፣ ማታ 4:50

ሁሉንም አደረግኩ። ብሪጁ ተቆልፏል፣ ስለዚህ በዲኤምዜድ ሄድኩ። መጀመሪያ አልሠራም ብሎኝ ነበር። ለካ የአዲሱ ዋን አድራሻ ራውተሩ በጠፋ ቁጥር ይቀየራል። 192.168.1.2 ብዬ ቋሚ አደረግኩት፣ ከዚያ ተስተካከለ። ፕሌይስቴሽኑ ዓይነት 2 አለ።

ኤስኪውኤሙን 17 ላይ አስቀመጥኩት። ዛሬ ማታ እህቴ የአንድ ሙሉ ሠርግ ቪዲዮ እየላከች፣ እናቴ በቪዲዮ እያወራች፣ እኛ ሁለት ጨዋታ ተጫወትን። ፒንጉን ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ አጠገቤ አስቀምጬ ነበር። ከ130 አላለፈም። በፊት 700 ነበር። አንድም ጊዜ አልቆመም።

የአክስቴ ልጅ «መስመር ቀየራችሁ እንዴ?» አለን። የድሮው ሞደም መሆኑን በፎቶ ላክንለት። የእሱም ቤት ልጆቹ ካርቱን ሲከፍቱ ጌሙ ይቆምበታል። የወፍጮ ቤቱን ምሳሌ አስረዳሁት። ነገ ከሥራ ሲመለስ የእሱን አብረን እናያለን።